ማርነርን ያጣው ሊፍስ ዘንድሮ (እ.ኤ.አ. በ2025-26) የት ይደርሳል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። የጠያቂዋ ታላቅ ወንድም የሜፕል ሊፍስ ቡድን ከተማ በሆነችው ቶሮንቶ ይኖራል። የበረዶ ሆኪን ያስለመዳት እሱ ነው፤ አሁን እሷም ሌሊት እየተነሳች በስልኳ ታያለች። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ ሜፕል ሊፍስ አጥቂውን ማርነርን ለቆ ሦስት የማላውቃቸውን ሰዎች አመጣ። ወንድሜ ዘንድሮ አለቀልን፣ ፕሌይኦፍም (ጥሎ ማለፉም) አንገባም ይላል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ እንኳን ሄደላችሁ፣ ተገላገላችሁ ይላል። የማንን ልመን? ሌሊት መነሳቱስ ያዋጣኛል?»

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ወንድምሽ ትንሽ አጋኗል፤ የአክስትሽ ልጅ ግን ጭራሽ ስቷል። የዘንድሮው ሊፍስ ከአምናው የደከመ ቡድን ነው። ይህን የሚክድ ሰው ጨዋታውን አላየም። ቢሆንም የደከመው ብዙ ሰው በሚያወራበት ቦታ አይደለም። እኔ ወደ ደሴ ከመመለሴ በፊት ካናዳ ውስጥ ለወጣት ቡድኖች የጨዋታ ቪዲዮ እየቆራረጥኩ ለአሰልጣኞች አዘጋጅ ነበር፤ ስለዚህ የምነግርሽ ማርነር በረዶው ላይ ምን ይሠራ እንደነበርና አሁን ያንን ሥራ ማን እንደሚሠራው ነው።

መጀመሪያ አምና የሆነውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2024-25 በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) ሊፍስ 108 ነጥብ ሰብስቦ የአትላንቲክ ምድብን በአንደኝነት ጨረሰ። ፕሌይኦፍ ላይ ኦታዋን በስድስት ጨዋታ አሰናበተ። ከዚያ ፍሎሪዳ ገጠመው። በጨዋታ ብዛት 2 ለ 0 መርቶ ነበር። ተከታታዩ እኩል ሆኖ አምስተኛው ጨዋታ ቶሮንቶ ላይ ሲደረግ 6 ለ 1 ተሸነፈ፤ ስድስተኛውን ፍሎሪዳ ድረስ ሄዶ 2 ለ 0 አሸነፈና ሁሉም ሰው ተስፋ ባደረገበት ሰዓት ሰባተኛውን እንደገና በገዛ ሜዳው፣ እንደገና 6 ለ 1 ተሸነፈ። ደጋፊው ማሊያውን አውልቆ በረዶው ላይ ወረወረ። ዋንጫውን ካነሱ ከ1967 ጀምሮ እየቆጠሩ ላሉ ሰዎች ይህ ቀልድ አልነበረም። ከቀናት በኋላ የፕሬዚዳንቱ የብሬንዳን ሻናሃን ኮንትራት እንደማይታደስ ተነገረ። በክረምቱ የተደረገው ለውጥ ሁሉ የዚያ ሽንፈት ልጅ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እግር ኳስ ለለመደ ሰው የሆኪ ዝውውር ግራ ያጋባል። እዚህ የዝውውር ክፍያ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በሰው ወይም በወደፊት የተጫዋች ምርጫ ዕጣ (አዲስ ወጣት በተራ የመምረጥ መብት) ነው የሚለወጠው። በዚያ ላይ ለሁሉም ቡድን እኩል የሆነ የደመወዝ ጣሪያ አለ። አምና 88 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ዘንድሮ 95.5 ሚሊዮን ሆኗል። ሊፍስ በሊጉ ካሉት ሀብታም ቡድኖች አንዱ ነው፤ ግን ከጣሪያው በላይ ዝም ብሎ መክፈል አይችልም። እንግዲህ ሚች ማርነር ኮንትራቱ ሰኔ ላይ ያልቅ ነበር። ቶሮንቶ አካባቢ ያደገ ልጅ ነው፣ በ2015 በአራተኛ ተራ የተመረጠ፣ የከተማው የራሱ ሰው። ለመቆየት ግን አልፈለገም። በነፃ ከመሄዱ በፊት ሊፍስ የስምንት ዓመት የ96 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት አስፈርሞ ወዲያው ለቬጋስ ጎልደን ናይትስ አሳለፈው። ስምንት ዓመት መስጠት የሚችለው የራሱ ቡድን ብቻ ነበር፤ ሌላው እስከ ሰባት ነበር። ቬጋስ ለዚያች ስምንተኛ ዓመት ሲል ኒኮላ ሯን ሰጠ።

ስለዚህ «መቶ ነጥብ (ጎሉና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) ያለው ሰው በአንድ ሯ ይለወጣል ወይ?» የሚል ካጋጠመሽ፣ የተለወጠው ማርነር አይደለም በይው። ማርነር ሄዷል። ሊፍስ ባዶ እጁን ከመቅረት አንድ ጥሩ የሦስተኛ መስመር (አጥቂዎች ሦስት ሦስት ሆነው በተራ ይገባሉ፣ እያንዳንዱ ሦስት መስመር ይባላል) ሴንተር፣ ማለት የመሀል አጥቂ፣ አተረፈ።

የቀረውን ሒሳብ ደግሞ እዪው። የማርነር ደመወዝ ለጣሪያው 10.9 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሯ 3 ሚሊዮን፣ ከዩታ የመጣው ማቲያስ ማቼሊ 3.425፣ ከቫንኩቨር የመጣው ዳኮታ ጆሹዋ 3.25 ሚሊዮን ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 9.675። በአንድ ሰው ገንዘብ ሦስት ሰው ማለት ነው። ጆን ታቫሬስ ደግሞ ከ11 ሚሊዮን ወደ 4.38 ወርዶ ለአራት ዓመት ፈረመ፤ አምና 38 ጎል ላስቆጠረ ሰው ይህ ለቡድኑ ትልቅ ውለታ ነው፣ እኔ ከክረምቱ ሥራ ሁሉ የምወድለት ይህን ነው። ግን ያ የተረፈው ገንዘብ ማቲው ናይስ ጋ ገባ። ናይስ ከአንድ ሚሊዮን በታች ያገኝ የነበረ ወጣት ነው፤ 29 ጎል አስቆጠረና 7.75 ሚሊዮን ለስድስት ዓመት ተፈረመለት። ይገባዋል። ስለዚህ ከጣሪያው መጨመር በስተቀር ሊፍስ እጅ ላይ ሌላ ማርነር የሚገዛ ትርፍ አልተገኘም። ቢገኝም ገበያው ላይ ሌላ ማርነር አልነበረም።

ዋናው ነገር ግን ገንዘቡ አይደለም። ጨዋታው ራሱ ነው፤ ትንሽ ታገሺኝና እዚህ ላይ ልቆይ።

ሁሉም ሰው የሚያነሳው 102 ነጥቡን ነው፤ 27 ጎልና 75 ለጎል የተመቻቸ ኳስ፣ ይቅርታ ፓክ (ሆኪ የሚጫወቱባት ጠፍጣፋ ጎማ)። በሊፍስ ማሊያ በ657 ጨዋታ 741 ነጥብ። እሺ፣ ቁጥሩ ይገርማል። ግን አንድ ጨዋታ ከፍተሽ ማርነርን ብቻ እዪው። ፓኩ ከሊፍስ ግብ ኋላ ይነሳል። ተከላካዩ ለማርነር ያቀብለዋል። ማርነር መሀል ሜዳውን አቋርጦ የተጋጣሚው ክልል የሚጀምርበት ሰማያዊ መስመር ጋ ሲደርስ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ፍጥነት በሚጨምርበት ቦታ እሱ ያቀዘቅዛል። ለአፍታ ብቻ። ሁለት ተከላካዮች ወደ እሱ ይሳባሉ። ያኔ አጥቂው ኦስተን ማቲውስ ከኋላ ዘግይቶ እየመጣ ነው፣ ፓኩ ወደ ኋላ ትቀርብለታለች፣ ማቲውስ ደግሞ ፓክ እጁ ላይ አታድርም፤ ነክቷት ትወጣለች። ይህን በቪዲዮ ስትቆርጪው ጎሉ ላይ የሚታየው ማቲውስ ነው፤ ጎሉ የተሠራው ግን ከዚያ ሦስትና አራት ሰከንድ በፊት መስመሩ ላይ ነው።

ወደ ተጋጣሚ ክልል መግቢያ መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ፓኩን ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ወይ ወደ ጥግ ትወረውሪና ሮጠሽ ትጋፊያለሽ። የአሠልጣኙ የክሬግ ቤሩቢ ፍልስፍና ሁለተኛው ነው፤ በ2019 ሴንት ሉዊስን ሻምፒዮን ያደረገው በዚሁ ግፊያ ነው። አምና ሊፍስ ሁለቱንም ይችል ነበር፤ ሦስት መስመር ይጋፋል፣ አንዱ መስመር ይዞ ይገባል። ዘንድሮ ይዞ የሚገባው ማን ነው? ዊልያም ኒላንደር ይችላል፣ በደንብ። 45 ጎል ያስቆጠረ ሰው ነው። ግን እሱ ሁለተኛውን መስመር ከታቫሬስ ጋር የሚያንቀሳቅስ ነው፤ ወደ ማቲውስ ከወሰድሽው ሁለተኛው መስመር ይሞታል። ሯ፣ ጆሹዋና አምና መጋቢት ላይ የመጣው ስኮት ላውተን የመጋፋቱን ሥራ የሚያሻሽሉ ሰዎች ናቸው። እንጀራ ጋጋሪዋ ስትሄድ ጥሩ ጥሩ ወጥ ሠሪዎች እንደመቅጠር ነው፤ ወጡ ይጣፍጣል፣ እንጀራው ግን ገና ነው።

ለእንጀራው የመጣ አንድ ሰው አለ፤ ማቼሊ። ፊንላንዳዊ ነው፣ ገና 24 ዓመቱ። አሪዞና እያለ በ2023-24 57 ነጥብ ሠርቶ ነበር፤ አብዛኛው ሲያቀብል የተገኘ ነው። አምና ዩታ ውስጥ ግን ወደቀ፣ በ55 ጨዋታ 18 ነጥብ ብቻ። መጨረሻ ላይ ከአሰላለፍ ውጭም ሆኖ ነበር። ሊፍስ ያመጣው በ2027 የሦስተኛ ዙር ዕጣ ነው፣ ያውም ቅድመ ሁኔታ ያለው፤ ማለት በርካሽ። እኔ ይህን ግዢ እወደዋለሁ። እጁ ለስላሳ ነው፣ አይቶ ያቀብላል። የምፈራው ግፊያውን ነው፤ ቀጭን ነው፣ ቤሩቢ ደግሞ ጥግ ላይ የማይታገልን ሰው አይታገስም። አሥር ጨዋታ ያህል ከማቲውስ ጎን በትዕግሥት ካቆመው ሊፍስ በርካሽ ትልቅ ነገር አገኘ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ አራተኛ መስመር ካወረደው ገንዘቡም ጊዜውም ባከነ። ካልሆነ ማክስ ዶሚ አለ፣ ኢስተን ካወን የሚባል ወጣትም አለ። ካወን ባለፈው ግንቦት ካናዳ ካለው ለንደን ናይትስ ጋር የሜሞሪያል ዋንጫን (የወጣቶቹን ዋንጫ) አንስቶ የውድድሩ ኮከብ ተብሏል፤ ልጁ ያምራል፣ ግን ልጅ ነው።

ፓወር ፕሌይ ላይ ደግሞ ጉድለቱ የባሰ ነው። ፓወር ፕሌይ ማለት ተጋጣሚ ተጫዋች ጥፋት ሠርቶ ሁለት ደቂቃ ሲቀመጥ አምስት ለአራት የምትጫወቺበት ሰዓት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አምና ሊፍስ ብዙ ጊዜ ያለ አንድም ተከላካይ አምስት አጥቂ ያሰልፍ ነበር፤ ማቲውስ፣ ኒላንደር፣ ታቫሬስ፣ ናይስ፣ ላይ ሆኖ ሁሉንም የሚያከፋፍለው ደግሞ ማርነር። አሁን ያ የላይኛው ቦታ ወደ ተከላካዩ ሞርጋን ራይሊ መመለሱ አይቀርም። ራይሊ መጥፎ አይደለም። ግን ተጋጣሚው ከእሱ የሚፈራው ነገር የለም፤ ካልፈራው ደግሞ ማቲውስን ቆሞ ይጠብቀዋል። በየጨዋታው ሁለት ሦስት ዕድል ነው፤ በ82 ጨዋታ ስታባዢው በሰንጠረዡ ላይ ብዙ ነጥብ ይሆናል። ቅጣት ሲከላከሉም ማርነር ነበረበት፣ ያንን ግን ሯና ላውተን በደንብ ይሸፍኑታል። እዚያ አልሰጋም።

የአክስትሽ ልጅ «ተገላገላችሁ» ያለው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ከ2019 ወዲህ ሊፍስ አሸናፊው የሚያልፍበት የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ስድስት ጊዜ ቆሟል። በቦስተን 5 ለ 1። በኮለምበስ 3 ለ 0። በሞንትሪያል 3 ለ 1። በታምፓ 2 ለ 1። እንደገና በቦስተን 2 ለ 1፣ ያውም በተጨማሪ ሰዓት። አምና በፍሎሪዳ 6 ለ 1። ስድስቱንም ተሸነፈ፤ በስድስቱም ከአንድ ጎል በላይ አላስቆጠረም። ማርነር በስድስቱም ነበር። ግን ማቲውስም ነበር፣ ኒላንደርም ነበር። አንዱን ሰው ብቻ ነጥሎ መክሰስ ግፍ ነው። ማርነር በፕሌይኦፍ 70 ጨዋታ 63 ነጥብ ሠርቷል፤ ይህ የፈሪ ቁጥር አይደለም። እውነቱ ምን መሰለሽ፣ ፕሌይኦፍ ላይ ቦታ ይጠባል፣ ዳኛውም ትንሽ ይለቃል፣ ጎሉ ከግቡ አፍ ላይ በግፊያ ነው የሚገኘው፤ ሊፍስ ለዚያ ሰው አልነበረውም። አሁን አለው። ናይስ አንድ ሜትር ከዘጠና የሚሆን ግንድ ነው። ሯ ከእሱም ይረዝማል፤ በ2023 ከቬጋስ ጋር ዋንጫውን ያነሳ ሰው ነው። ጆሹዋ ከአምናው ውድድር በፊት ካንሰር ታክሞ ተመልሶ የተጫወተ ነው። ገና ልጅ ሳለ በ2014 የመረጠው ራሱ ሊፍስ ነበር፤ ዞሮ ዞሮ አሁን መጣ። ለእንዲህ ያለ ሰው ልቤ ያዳላል፣ አልደብቅሽም።

ስለዚህ ይህ ቡድን ለሚያዝያና ለግንቦት የተሻለ ነው የሚሉ ሰዎች መነሻ አላቸው። ችግሩ እዚያ መድረሱ ላይ ነው።

ግብ ጠባቂው ያደርሳል የሚል ተስፋ አለኝ። አንቶኒ ስቶላርዝ አምና ከተሞከረበት ፓክ 92.6 በመቶውን አድኖ የሊጉ አንደኛ ነበር። ጆሴፍ ዎል 27 ጨዋታ አሸንፏል። ሁለቱም ግን የመጎዳት ታሪክ አላቸው። ስቶላርዝ በፍሎሪዳው የመጀመሪያ ጨዋታ ራሱን ተመትቶ ወጣና ተከታታዩን ሳይመለስ ቀረ፤ እሱ ቢኖር ኖሮ ያ ሰባተኛ ጨዋታ ባልደረሰ ነበር ብዬ እስካሁን አምናለሁ። ተከላካዮቹም ጠንካራ ናቸው፤ ክሪስ ታኔቭ፣ ጄክ ማኬብ፣ ብራንደን ካርሎ፣ ኤክማን ላርሰን። ታኔቭ ሰውነቱን ለፓክ የሚሰጥ ሰው ነው፣ በዚያ መጠን ደግሞ 35 ዓመቱ ነው። ኤክማን ላርሰን 34። ፓኩን ከኋላ ይዘው የሚወጡ አይደሉም ብዙዎቹ፤ አምና ማርነር ወደ ኋላ ወርዶ ይረዳቸው ነበር። ይኸው እንደገና ወደዚያው ጉዳይ መጣን።

ካልሆነላቸውስ ጥር ላይ ሌላ ሰው ይገዛሉ ወይ? ይከብዳል። ካርሎን ሲያመጡ የ2026ቱን የመጀመሪያ ዙር ዕጣ ለቦስተን ሰጡ። ላውተንን ሲያመጡ የ2027ቱን ለፊላዴልፊያ። ኪሱ ባዶ ነው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር መሸጥ ካለበት ካወንን ነው፤ ያንን ካደረገ ደግሞ ነገን ነው የሸጠው።

ምድቡም አልተኛም። ፍሎሪዳ ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ በልቶ፣ ቤኔትን፣ ማርሻንድንና ኤክብላድን ሁሉ አስፈርሞ አቆየ። ሞንትሪያል ኖዋ ዶብሰንን ከአይላንደርስ አመጣ። ኦታዋ አድጓል። ታምፓ ታምፓ ነው። ዲትሮይት እንኳ ግብ ጠባቂ ገዛ፣ ጆን ጊብሰንን።

ግምቴን ንገረኝ ካልሽኝ ከ95 እስከ 100 ነጥብ እላለሁ። ይህ በዚህ ምድብ አፋፍ ላይ የሚያቆም ቁጥር ነው። ፕሌይኦፍ በጠባቡ ይገባሉ ባይ ነኝ። ይህ ግምት ግን የቆመው በአንድ ሰው ጤና ላይ ነው፤ ማቲውስ። ካቻምና 69 ጎል አስቆጥሮ አምና በ67 ጨዋታ 33 ላይ ቆመ። ውድድሩ መሀል ላይ ጀርመን ድረስ ለሕክምና ሄዶ ነበር። የአምናው 33 የጉዳቱ ከሆነና አሁን ከዳነ፣ ያለ ማርነርም 45 እና 50 ያስቆጥራል፤ ብቻውን መንገድ መክፈት የሚችል ሰው ነው። ጉዳቱ ከተመለሰ ግን ሊፍስ ዘጠኝ ዓመት ያልተቋረጠውን የፕሌይኦፍ ጉዞ ያቋርጣል፣ ያኔ ወንድምሽ ልክ ይሆናል። እኔ ኃላፊ ብሆን ኖሮ የክረምቱን ገንዘብ ከጆሹዋና ከመሰሎቹ ቀንሼ አንድ ፓክ ተሸካሚ ተከላካይ ፍለጋ ላይ አውለው ነበር። ሦስተኛ መስመር የሚጋፋ ሰው የካቲት ላይም ይገኛል።

ሌሊት መነሳቱን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ መስከረም 28 ለ29 አጥቢያ በቶሮንቶ ከሞንትሪያል ጋር ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። እሱን እዪው። ከጥቅምት 23 በኋላ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚመልሱ የምሽት ጨዋታው ወደ 9 ሰዓት ይገፋል። እናንተ ኮምቦልቻ ሙቀት ስላለላችሁ ይቀላል፤ እኛ ደሴ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ከብርድ ልብስ መውጣት ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። ሥራ ካለሽ ሁሉንም አትከታተዪ። ቅዳሜ ማታ የሚጫወቱት ለእኛ እሑድ ሌሊት ስለሚሆን እሱ ይበቃሻል። ስታዪ ጎሉን ተዪውና ሰማያዊው መስመር ላይ ዓይንሽን ጣዪ። የማቲውስ መስመር ፓኩን ይዞ ይገባል ወይስ ወርውሮ ያሳድዳል? በአንድ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ይዘው ከገቡ አብሽሪ፣ ጎሉ ይመጣል። ሁልጊዜ እየወረወሩ የሚሮጡ ከሆነ ቢያሸንፉም አትመኚ።

ሰንጠረዡን ደግሞ ኅዳር 18 አካባቢ ብቻ ክፈቺው። የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል የሚውልበት ነው፤ በዚያ ቀን ማለፊያ ቦታ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቡድኖች ሚያዝያም ላይ እዚያው ይገኛሉ። ከዚያ በፊት ወንድምሽ ደውሎ «አለቀልን» ቢልሽ ማቼሊ ከማን ጋር እየተጫወተ እንደሆነ ጠይቂው።